ቀትር ላይ ሶላሩ ይቆማል፤ ትርፉ ኃይል የት ይሂድ?

ጥያቄ (ጣና ዳር)
ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ላለ እንግዳ ማረፊያ ነው። 5 ኪሎዋት ነጠላ ፌዝ ኢንቨርተር (የሶላሩን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር)፣ ባትሪ የለውም፤ ከመብራት መስመር ጋር ተገናኝቷል። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ፀሐይ ስትበረታ 254 ቮልት አሳይቶ ይቆማል፤ የተሞላበት ከፍተኛ ገደብ 253 ነው። ኢንቨርተሩ ጠፍቶ ምሰሶው ጋ 244 ነው። ከምሰሶ እስከ ቤት 120 ሜትር፣ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሽቦ። ገደቡን ከፍ ላድርገው?

መልስ (ሦስት ፌዝ)
አይንኩት፤ ፍሪጅዎንም የጎረቤትንም ሊያቃጥል ይችላል። 16 ካሬ አሉሚኒየም በኪሎ ሜትር 1.91 ኦም ገደማ ነው። መሄጃና መመለሻው 240 ሜትር ስለሆነ 0.46 ኦም። 5 ኪሎዋት በ250 ቮልት ገደማ ወደ 20 አምፔር ነው፤ ሲባዛ 9 ቮልት ገደማ። 244 ላይ ሲደመር 253 ገደማ፣ ልክ ገደቡ ላይ ደረሰ። ኢንቨርተሩ ትርፉን ወደ መስመር ለመግፋት ቮልቱ ከመስመሩ በላይ መውጣት አለበት። በ25 ካሬ ቢቀየር ጭማሪው ወደ 6 ይወርዳል።

ምሰሶው ላይ ያለውን መገጣጠሚያም ያሳዩ። መዳብና አሉሚኒየም በእጅ ተጠምዝዞ ከታሰረ፣ በተለይ እርጥበት ባለበት ሐይቅ ዳር፣ ነጭ ዱቄት ያበቅላል፣ ይሞቃል፣ ቮልት ይጨምራል። ለመዳብና ለአሉሚኒየም የተሠራ ማያያዣ ያስፈልገዋል። ምሰሶ ላይ የሚወጣው ግን የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ባለሙያ ብቻ ነው።

መልስ (ቆጣሪ)
ምሰሶው ላይ 244 መሆኑ ራሱ ችግር ነው፤ 220 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 242 ነው። የትራንስፎርመሩን ታፕ (የሚሰጠውን ቮልት በደረጃ የሚቀይረውን መምረጫ) አንድ ደረጃ ዝቅ እንዲያደርጉ ለአገልግሎቱ ያመልክቱ። አብዛኛውን ጊዜ ደረጃው 2.5 በመቶ፣ ማለትም 5.5 ቮልት ያህል ነው፤ የሚቀየረው መስመሩ ጠፍቶ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲያበራ፣ ይለኩ። ከ203 በታች ከሆነ ታፑ ሲወርድ ምሽቱ ከ198 (220 ሲቀነስ 10 በመቶ) በታች ይወድቃል።

ጣና ዳር
ምሽት 209 ነው።

ቆጣሪ
እንግዲያው 204 ገደማ ይሆናል፣ ያመልክቱ።

መልስ (ሮቶ)
እስኪመለስላችሁ ድረስ ቀትር ላይ እዚያው ተጠቀሙበት። 2 ኪሎዋት ብቻ ብታቃጥሉ የሚወጣው 3 ይሆናል፣ ጭማሪው 6 ቮልት፤ ኢንቨርተሩ 250 ላይ ይሠራል። 100 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 4.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ባለ 2 ኪሎዋት ቦይለር ከ2 ሰዓት በላይ ይይዛል። በታይመር 5 ሰዓት ላይ ያስነሡት። እንጀራም ቀን ይጋገር፤ ግን 3.5 ኪሎዋት ምጣድና ቦይለር አንድ ላይ 5.5 ስለሚሆኑ ተራ በተራ ይሁኑ። የዓሣ ፍሪዘሩና ወደ ሮቶ ውኃ የሚስበው ፓምፕም ቀን ይሥሩ።

ሦስት ፌዝ
ቆጣሪው ባለሁለት አቅጣጫ ካልሆነ የወጣውን እንደ ፍጆታ ሊቆጥርባችሁ ይችላል። ስለዚህ ወደ መስመር ለመልቀቅ ስምምነት ከሌላችሁ ወደ መስመር የሚወጣውን ኃይል በኢንቨርተሩ ዜሮ አድርጉት። የኢንቨርተሩን ሲቲ ቀለበት (በሽቦው የሚያልፈውን የሚለካውን) ከቆጣሪው በኋላ፣ ወደ ቤቱ ዕቃዎች የሚሄዱት ሽቦዎች ሁሉ ከመገንጠላቸው በፊት ባለው የፌዝ ሽቦ ላይ አስገቡት። ኢንቨርተሩ ከሶላር ማምረቱን አቁሞ ማሳያው እንደበራ ምጣዱን አብሩ፦ ማሳያው ከመስመር የሚገባ 3.5 ኪሎዋት ማለት አለበት። «እየወጣ ነው» ካለ ቀለበቱ ተገልብጧል፤ እንዲያ ከተተወ ኢንቨርተሩ ትርፉን ሊቀንስ ሲገባው ይጨምራል።