የሙሽራ አይሻዶ የሚያብለጨልጨው ከምን ነው?

የደሴዋ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ናችሁ። ደሴ ላይ ሳሎን አለኝ፣ ብዙውን ጊዜ ሙሽራ ነው የማስውበው። ሰሞኑን አንድ ነገር አስጨንቆኛል። ከገበያ በትንሽ ፌስታል የሚሸጥ የሚያብለጨልጭ ዱቄት ገዝቼ ለአንዷ ሙሽራ የዓይን ቆቧ ላይ ቀባሁላት፣ ብዙም ሳይቆይ ቆረቆረኝ አለች፣ ዓይኗም ቀላ። ወዲያው በንጹህ ውሃ አጠብኩላት፣ ተሻላት፣ እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተፈጨ መስታወት ነው ይላሉ፣ እውነት ነው? ደህናውስ ከምን ተሠርቶ ነው የሚያበራው? ደግሞ ነጭ የሚመስለው ዱቄት ፊቷን ስታዞር ሮዝ የሚሆነው እንዴት ነው?

የኮምቦልቻው፦
አብሽሪ እህቴ። ደህናው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበራው ሚካ የሚባል ማዕድን ነው። ማየት ከፈለግሽ ካውያ የሚጠግን ሰው ጋ ሂጂ። የድሮ ካውያ ሲፈታ የሚግለው ሽቦ የተጠቀለለበት ያ ቅጠል የመሰለ ነገር ሚካ ነው፣ በጥፍርሽ ብትነካኪው እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይሳሳል። ሲፈጭም ጠፍጣፋነቱን አይለቅም። ቆዳ ላይ ይተኛና እያንዳንዷ ቅርፊት ብርሃኑን ትመልሳለች።

ብቻውን ግን ያን ያህል አያበራም። ፋብሪካ ላይ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ነገር በጣም አሳስተው ያለብሱታል፣ የሮዙም ነገር እዚህ ጋ ነው። ዝናብ ያረጠበው አስፋልት ላይ ናፍጣ ሲንጠባጠብ ቀስተ ደመና ይሠራ የለ? ብርሃኑ ከልባሱ ላይኛውም ከታችኛውም ፊት ይመለስና ሲገናኝ አንዱ ቀለም ይጎላል፣ ሌላው ይጠፋል። ልባሱ ከ40 እስከ 60 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ሲሆን ብርማ ነው፣ እየወፈረ ሲሄድ ወርቃማ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ይሆናል። ሮዝ ማቅለሚያ ሳይገባበት ማለት ነው! የነሐስ መልክ ያለው ደግሞ ብረት ኦክሳይድ የለበሰ ነው። ቅርፊቱ ከ15 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው) ካነሰ እንደ ሐር ለስለስ ይላል፣ 100 ካለፈ ኮከብ ኮከብ ይላል።

እናት ከወልድያ፦
ልጄ፣ ያ የፌስታሉ ዱቄት የጌጥ ግሊተር ሳይሆን አይቀርም፣ ለካርድ የሚለጠፈው። እሱ አሉሚኒየም የተቀባ ፕላስቲክ ነው፣ በማሽን ስለሚቆረጥ ጠርዙ ስለት አለው፣ ዓይን ይቧጭራል። እኔ የባሰ የምፈራው ግን ኩሉን ነው። ድንጋዩ ሲሰበር እንደ ብረት የሚያበራው ኩል ብዙ ጊዜ ጋሌና ነው፣ የእርሳስ ማዕድን፣ የመጻፊያው ሳይሆን የብረቱ እርሳስ። እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው፣ የሕጻን አእምሮ ይጎዳል። እናቶቻችን ተኩለውበታል፣ እኔም ለልጄ በአራስነቱ ኩዬዋለሁ። ሳውቀው አንጀቴን በላኝ።

የኮምቦልቻው፦
እውነታቸውን ነው። ስትገዢ ማሸጊያውን አንብቢ፣ ሲአይ (CI፣ የቀለም መለያ ቁጥር ማለት ነው) ከሚለው ቀጥሎ ሚካ 77019፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ 77891፣ ቀይ ብረት ኦክሳይድ 77491 ተብሎ ይጻፋል። ጽሑፍ የሌለውን ዓይን አታስጠጊ። ፍሎርፍሎጎፓይት የሚል ካየሽ በፋብሪካ የተሠራ ሚካ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ የማዕድኑ ሚካ ሕንድ ጃርካንድ ውስጥ ሕጻናት ጭምር ጉድጓድ ገብተው የሚለቅሙት ስላለበት።

የደሴዋ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ፌስታሉን አሁኑኑ ጣልኩት። እማዬ፣ እርስዎ ያሉት ኩል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እሑድ ከሐይቅ ከተማ የምትመጣ ሙሽራ አለችኝ፣ ኩሌን ይዤ እመጣለሁ ብላኛለች። ዛሬ ማታ ደውዬ እነግራታለሁ።