ቀፎ ውስጥ የገባ ትልቅ የእሳት እራት፦ ምንድን ነው? ምንስ እናድርግ?

የሰባታሚት ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት፣ አባቴ ዘመናዊ ቀፎዎች አሉት። ትናንት ማታ አንዱን ስንከፍት አውራ ጣት የሚያክል ወፍራም የእሳት እራት አገኘን። ጀርባው ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምልክት አለው፣ ሆዱ ቢጫና ጥቁር ነው። ስይዘው ደግሞ ሲጥ ሲጥ አለ! አባቴ "ሰሙን የጨረሰው እሱ ነው፣ ፍሊት እንርጭ" ይላል። እውነት እሱ ነው? ቶሎ መልሱልኝ በናታችሁ።

አናቢው፦ ወንድሜ፣ ፍሊት እንዳትረጩ! ንቦቹ ያልቃሉ፣ ማሩም ይበከላል። ይሄ የገባው ማር ሊሰርቅ ነው። ሰም የሚበላው ሌላ ነው፣ ትንሽና አመድማ፤ እሱም ቢሆን የሚበላው ትሉ ነው እንጂ ክንፍ ያወጣው አይደለም። የማር እንጀራውን አውጥታችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ተቦርቡሮ ድር የመሰለ ነገር ካለበት የሰም ትል አለ ማለት ነው።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ትክክል። ሁለቱ በቤተሰብም አይገናኙም። የሰም ትሉ ከፒራሊዴ ነው። ያንተ አኬሮንሺያ አትሮፖስ ይባላል፣ ቤተሰቡ ስፊንጊዴ ነው። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ ዝርያዎች አሉት፣ የሚበዙትም በሐሩር አገሮች ነው። ሦስት ዋና ዋና ንዑስ ቤተሰቦች አሉ። ስሜሪንቲኔ ውስጥ ብዙዎቹ ክንፍ ካወጡ በኋላ ጭራሽ አይመገቡም። ማክሮግሎሲኔ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ አበባ ፊት አየር ላይ ቆመው የሚቀስሙ አሉ። ያንተ ስፊንጊኔ ውስጥ ነው፣ እና እኔን ሁሌም የሚገርመኝ እዚሁ ንዑስ ቤተሰብ ውስጥ ያለው ልዩነት ነው፦ የስኳር ድንች አባጨጓሬ አድጎ የሚሆነው የእሳት እራት ሆዱ ላይ ሮዝ መስመር አለው፣ ምላሱ ከገላው ይረዝማል፣ ማታ ማታ ጥልቅ አበባ ውስጥ ሰዶ ይቀስማል። ያንተው ግን ምላሱ አጭርና ጠንካራ ነው፣ የማሩን ክዳን ይበሳበታል። ጠረኑ ከንብ ጠረን ስለሚመሳሰል ንቦቹ በቀላሉ አይለዩትም። ድምፁን የሚያወጣው አየር በአፉ ስቦ መልሶ በማስወጣት ነው።

የዜጌ ገበሬ፦ እህቴ፣ እኔ ድንች ላይ ጣት የሚያክል ቢጫ አባጨጓሬ አያለሁ፣ ጭራው ላይ ቀንድ አለው። የዚሁ ልጅ ይሆን?

የባዮሎጂ መምህርት፦ ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ ሰያፍ መስመሮች ካሉትና ቀንዱ ሸካራ ከሆነ እሱ ነው። አረንጓዴና ቡናማም አለ። አስተናግርም ይበላል። ቀንዱ አይናደፍም፣ በእጅ መልቀም ይበቃል።

የሰባታሚት ልጅ፦ አየነው፣ ድር የለም። የተጎዳው ሰም ጥቂት ነው፣ ዳር ዳሩን ብቻ። ተመልሶ እንዳይገባስ?

አናቢው፦ በሩን አጥብቡት። ቁመቱ 8 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ንብ እንደልቧ ትገባለች፣ እሱ ግን በውፍረቱ አያልፍም። የቀፎውን ስንጥቅም ድፈኑ። ያረጀ እንጀራ ደግሞ ከቀፎው አጠገብ አታከማቹ፣ የሰም ትል የሚራባው እዚያ ነው፤ አቅልጡና ሰሙን ሽጡት።