የአሠራር መመሪያን በኤአይ ወደ ሥልጠና መቀየር፦ ፈተናውን ሁሉም ያልፋል፣ ሥራው ላይ ስህተቱ አልቀነሰም

ሥልጠና አስተባባሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የቅሬታ አቀባበልን፣ የክፍያ ተመላሽንና የሰነድ ማጣራትን የያዘ የ64 ገጽ የአሠራር መመሪያ አለ። ከዚህ ውስጥ ለአዲስ ሠራተኞች የሚሆን ሥልጠና በኤአይ ማውጣት ነው የተፈለገው። ፒዲኤፉን እንዳለ ጭነን «ከዚህ ሥልጠና አዘጋጅ፣ 20 የምርጫ ጥያቄም ጨምርበት» ስንለው በደቂቃ ውስጥ ያማረ ነገር ያወጣል። ችግሩ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ አንዳንድ ቁጥር ከመመሪያው ይለያል። የተመላሽ ጊዜው 14 ቀን ሆኖ ሳለ 30 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛ፣ ሥልጠናው እንዳለቀ በሚሰጠው ፈተና ሁሉም 90 እና ከዚያ በላይ ያመጣል፤ ሥራ ላይ ግን ያው ስህተት ይደጋገማል። ሦስተኛ፣ ኃላፊዎች «መመሪያውን የሚያውቅ ቻትቦት ካለ ሥልጠና ለምን? ሲቸግራቸው ይጠይቁት» እያሉ ነው። በተለይ ሁለተኛውን ዘርዘር አድርጋችሁ ብትነግሩኝ።

ሰነድ አዘጋጅ

ከቁጥሩ ልነሳ። የኤአይ ሞዴሉ ሰነዱን አይገለብጥም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ሲሠለጥን ባያቸው ጽሑፎች ውስጥ ከ«ተመላሽ» ጋር አዘውትሮ የሚመጣው 30 ቀን ከሆነ፣ የእናንተ 14 በዚያ ሊዋጥ ይችላል። ይህን የሚያባብሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ርዝመት ነው፤ ረጅም ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ሲቀርብለት ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ይልቅ መሃል ላይ ያለውን ይስታል። ሌላው ሠንጠረዥ ነው። የፒዲኤፍ ሠንጠረዥ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ ዓምዶቹ ይደባለቃሉ፤ በስካነር የገባ ሰነድ ከሆነማ 1 ከ7፣ 3 ከ8 ይምታታሉ።

ስለዚህ 64ቱን ገጽ በአንዴ አትስጡት። በሥራ ሂደት ከፋፍላችሁ ከ3 እስከ 5 ገጽ ስጡት፤ አንድ ሂደት ግን ለሁለት አይቆረጥ። «ተመላሽ ይፈቀዳል» የሚለው በአንዱ ቁራጭ፣ «ከሚከተሉት በስተቀር» የሚለው በሌላው ከቀረ፣ የሚወጣው ትምህርት ልዩ ሁኔታዎቹ የሌሉበት ይሆናል። ሠንጠረዦቹን ደግሞ በእጅ ወደ ዐረፍተ ነገር ቀይሯቸው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አንዴ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው።

ትዕዛዙ በዚህ መልክ ይሁን፦ «ከታች ካለው ጽሑፍ ውጭ ምንም አትጨምር። ለእያንዳንዱ ነጥብ የአንቀጹን ቁጥርና የመመሪያውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ጥቀስ። ጽሑፉ ውስጥ የሌለውን ‹አልተገለጸም› በል።» ጥቅስ ስላመጣ ብቻ አትመኑት፤ ጥቅስም ይፈጥራል። እያንዳንዱን ገልብጣችሁ ዋናው ሰነድ ውስጥ ፈልጉት፤ ካልተገኘ ነጥቡ ይውጣ። ቁጥሮችን፣ ቀናትንና የገንዘብ ጣሪያዎችን ለብቻ አስዘርዝሩና የሂደቱ ባለቤት የሆነው ክፍል ይፈርምበት። አሠልጣኙ ብቻውን አያጣራ፤ ጽሑፉ ስላማረ ዓይን ያልፈዋል።

«አልተገለጸም» ያላቸውን አትጣሏቸው። መመሪያው ራሱ የዘለላቸውን ቦታዎች ነው የሚያሳዩዋችሁ፤ ሠራተኛው የሚሳሳተውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ሰነዱ አማርኛ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ዘዴ) 3 ባይት ይይዛል፣ ሞዴሎቹ ጽሑፍን ከማንበባቸው በፊት የሚቆራርጡበት መሣሪያም በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ የተመቸ ነው። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ገጽ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ ቦታ ይፈጃል፤ ቁራጩን ወደ 2 ገጽ አውርዱት። ከ30 እስከ 40 ቃል የሚሆን የመሥሪያ ቤታችሁን መዝገበ ቃላትም አብራችሁ ስጡት። ካልሆነ አንዱን ነገር በአንድ ትምህርት ውስጥ «ተመላሽ»፣ «ምላሽ ክፍያ» እና «ካሣ» እያለ ሦስት ስም ያወጣለታል። ካሣ ማለት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ፈተና አውጪ

ሁሉም 90 የሚያመጡት ፈተናው ስለሚጠቁማቸው ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ መመሪያውን ጨርሶ ላላዩ 5 ሰዎች ከሌላ ክፍል ስጡት። ባለ 4 ምርጫ ጥያቄ በጭፍን ቢገመት የሚጠበቀው 25 ከመቶ ነው። እነሱ 60 እና 70 ካመጡ፣ የሚለካው የመገመት ችሎታ ነው ማለት ነው።

በኤአይ የተዘጋጀ ጥያቄ መልሱን የሚያሳብቅባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ትክክለኛው ምርጫ ከሁሉም ይረዝማል፣ «እንደ ሁኔታው» የሚል ጥንቃቄም ይጨመርበታል። የተሳሳቱት «ደንበኛውን ችላ ማለት» ዓይነት፣ ማንም የማይመርጣቸው ናቸው። የጥያቄው ቃል መልሱ ውስጥ ይደገማል። ትክክለኛው መልስ ለ እና ሐ ላይ ይከማቻል።

ትዕዛዙን በማሳመር ብቻ ይህ አይስተካከልም። መነሻውን ከመመሪያው ወደ ስህተቱ ቀይሩት። ባለፉት 3 ወራት በስህተት ምክንያት የተመለሱ ከ30 እስከ 40 ፋይሎችን ሰብስቡ፤ የደንበኛና የሠራተኛ ስም፣ ስልክ፣ የሂሳብ ቁጥር ይሰረዝ። ከዚያ በዓይነት መድቧቸው። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ በእውን ከተሠራ ስህተት ይወሰድ። ለምሳሌ የተመላሹ ጊዜ የሚቆጠረው ዕቃው ከተረከበበት እስከ ማመልከቻው ቀን ነው እንበል፦

«ደንበኛ ዕቃውን በተረከበ በ13ኛው ቀን በጽሑፍ አመለከተ፤ ደረሰኙን ያመጣው በ16ኛው ቀን ነው። ምን ይደረጋል?
ሀ. ጊዜው አልፏል ተብሎ ይመለሳል።
ለ. ተቀብሎ 16ኛው ቀን ይመዘገባል።
ሐ. ተቀብሎ 13ኛው ቀን ይመዘገባል።
መ. ለውሳኔ ወደ ኃላፊ ይመራል።»

መልሱ ሐ ነው። ሀን የመረጠ ቀን አቆጣጠር አልገባውም፤ ለን የመረጠ ውሳኔውን ያውቃል፣ አመዘጋገቡን አያውቅም፤ መን የመረጠ የሥልጣኑን ወሰን አያውቅም። የሦስቱ መድኃኒት የተለያየ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሠልጣኙ መሳሳቱን ብቻ ሳይሆን ምን እንዳልገባውም ይነግራችኋል። አራቱም ምርጫ እኩል ርዝመት እንዳላቸው ልብ በሉ።

20 በአንዴ አትዘዙት፤ ወደ መጨረሻው ቃል እየቀያየረ ያንኑ ይደግማል። በአንድ ስህተት 3 አስወጡና አንዱን ምረጡ። ከዚያ ሁለት ወንፊት አለ። ጥያቄውን በአዲስ ውይይት፣ መመሪያውን ሳትሰጡ፣ ለራሱ ለኤአይ አቅርቡለት። በየጊዜው በትክክል ከመለሰ፣ ጥያቄው በአጠቃላይ ዕውቀት የሚገመት ነው፤ ጣሉት። ቀጥሎ መመሪያውን ሰጥታችሁ ጠይቁት፤ ከእናንተ መልስ ከተለየ ወይ ጥያቄው አሻሚ ነው፣ ወይ መመሪያው ግልጽ አይደለም፣ ወይ እሱ ተሳስቷል። ይህን የሚወስነው ሰው ነው።

ሌላው ጉዳይ ፈተናው የሚሰጥበት ሰዓት ነው። ሥልጠናው እንዳለቀ የሚሰጥ ፈተና ገና ያልበረደውን ነው የሚለካው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤቢንግሀውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳየው ይህንኑ የመርሳት ፍጥነት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሙከራ ደግሞ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ የበለጡት ግን አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ። ስለዚህ ከአንድ ስህተት 4 የተለያዩ ሁኔታዎች አስጽፉ፤ አንዱን በዕለቱ፣ ሌሎቹን ከ2 ቀን፣ ከ1 ሳምንትና ከ3 ሳምንት በኋላ ስጡ፤ በየጊዜው 3 ወይም 4 ጥያቄ ይበቃል። ኤአይ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማችሁ እዚህ ነው፤ አንድን ሁኔታ በአራት መልክ መጻፍ ለሰው አድካሚ ነው።

የደንበኛ አገልግሎት አሠልጣኝ

ቅሬታ አቀባበሉ በምርጫ ጥያቄ አይለመድም፤ ንግግር ነው። ኤአዩን ደንበኛ አድርጋችሁ አለማምዱበት፣ ግን ዝም ብላችሁ «የተቆጣ ደንበኛ ሁን» ካላችሁት በሁለተኛው ምልልስ ይለዝብና አመስግኖ ይሄዳል። ተጠቃሚን ማስደሰት ተፈጥሮው ነው። ምን እንደሚፈልግ፣ ካልተጠየቀ የማይናገረው ምን እንደሆነ፣ ምን ሲባል እንደሚለዝብ፣ ምን ሲባል እንደሚብስበት ጻፉለት። በአንድ ጊዜ ከ2 ዐረፍተ ነገር በላይ እንዳይናገር፣ ሠራተኛውን እንዳያግዝ፣ ከ8 ምልልስ በኋላ እንዲያቆም እዘዙት።

ግምገማውን ያው ደንበኛ አይሥራው፤ የንግግሩን ግልባጭ ለሌላ ውይይት ስጡት። «ከ10 ስንት?» ካላችሁት ለሁሉም 7 እና 8 ያድላል፣ ረጅም መልስ ለሰጠም ያደላል። አዎ ወይም አይደለም የሚባልባቸው 5 መመዘኛዎች ይሻላሉ፦ «የተረከበበትን ቀን ጠየቀ?»፣ «ቀጣዩን እርምጃና ቀኑን ተናገረ?»። ለእያንዳንዱ ማስረጃ የሚሆነውን ንግግር ይጥቀስ። ከመጀመራችሁ በፊት 20 ግልባጭ በሁለት ሰው አስገምግሙና ከኤአዩ ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ካልተስማሙ ጥፋቱ የመመዘኛው ነው።

ሥልጠና አስተባባሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትልቅ እገዛ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። የልምምዱን ውጤት ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር እናያይዘው የሚል ሐሳብ አለ፤ የቻትቦቱም ጥያቄ ገና ነው።

መማርና ሥራ

ከምዘናው ጋር አታያይዙት። አንዱን ግልባጭ ሁለቴ ብታስገመግሙት ውጤቱ ሊለያይ ይችላል፤ በዚያ ላይ የሰው ዕድገት አይወሰንም። ሠራተኛውም ውጤቱ እንደሚያዝበት ካወቀ የሚያውቀውን ብቻ እየደጋገመ ይለማመዳል፣ የሚከብደውን ይሸሻል፤ ልምምዱ ያኔ ሞተ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሠራተኛን አፈጻጸም የሚገመግም ኤአይ ከፍተኛ አደጋ ካላቸው ውስጥ ተመድቧል፤ በሥራ ቦታ የሰውን ስሜት ከድምፅ ወይም ከፊት የሚያነብ ደግሞ፣ ለሕክምናና ለደህንነት ካልሆነ በቀር፣ ከእ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ ተከልክሏል። እዚያ ባትሠሩም ምክንያቱ ለማንም ይሠራል።

ወደ ቻትቦቱ ስንመጣ የኃላፊዎቹ ሐሳብ ግማሹ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ፣ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞችን ባየ ጥናት፣ በሥራ ላይ የሚያግዝ ኤአይ ምርታማነትን በአማካይ 14 ከመቶ፣ የአዳዲሶቹንና ችሎታቸው ዝቅ ያለውን ሠራተኞች ግን 34 ከመቶ ጨምሯል። በሌላ በኩል በቱርክ ወደ 1 ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የሒሳብ ሙከራ አለ። መልስ በሚሰጥ ቻትቦት የተለማመዱት በልምምዱ ጊዜ 48 ከመቶ ተሻሉ፤ ሲወሰድባቸው ግን ምንም ካልነበራቸው በ17 ከመቶ አነሱ። ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ የተደረገው ቻትቦት ይህን ጉዳት በአብዛኛው አስቀርቷል።

እንግዲህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። አልፎ አልፎ የሚመጣና ፈልጎ ለመመለስ ጊዜ የሚሰጥ ነገር ለቻትቦቱ ይተው። ደንበኛ ፊት ቆሞ የሚመለስ፣ ወይም ችግር መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ የሚጠይቅ ነገር ግን ጭንቅላት ውስጥ መግባት አለበት። ሰነዱ አጠራጣሪ መሆኑን ያላስተዋለ ሠራተኛ ምን ብሎ ይጠይቃል? ለሠልጣኞችም ሌላ ትዕዛዝ ያለው ቻትቦት ይሁን፦ መጀመሪያ የራሳቸውን መልስ ያስጽፋቸው፣ ቀጥሎ የአንቀጹን ቁጥር ያመልክታቸው፣ ሙሉ መልሱን በመጨረሻ ይስጥ።

ቻትቦቱን ለሠራተኞች ከመክፈታችሁ በፊት 50 ጥያቄ አዘጋጅታችሁ ፈትኑት። ከነዚህ 10ሩ መመሪያው የማይመልሳቸው ይሁኑ፤ የነሱ ትክክለኛ መልስ «መመሪያው አልገለጸውም፣ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቅ» ነው። ከ10ሩ አንዱን እንኳ ፈጥሮ ከመለሰ አትክፈቱት። መመሪያው በተሻሻለ ቁጥር አሮጌው ቅጂ ከቻትቦቱ ቋት መውጣቱን የሚያረጋግጥ አንድ ሰው መድቡ፣ 50ውንም እንደገና ጠይቁት። ሁለቱ ቅጂዎች አብረው ከተቀመጡ ዛሬ 14፣ ነገ 30 ይላችኋል።