በቤት ለተሠሩ የቴምብር አልበም ገጾች ምን ዓይነት ባይንደር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ባለ አልበሙ

ሰላም ለሁላችሁ። የአልበም ገጾቼን በኮምፒውተር አዘጋጅቼ በ200 ግራም ኤ4 ወረቀት ላይ በአንድ ፊት ብቻ አትሜያለሁ። ቴምብሮቹ በግልጽ ማውንት (ቴምብሩን ገጹ ላይ በሚይዝ ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ) ውስጥ ናቸው። አሁን 150 ገጽ ያህል ደርሷል፤ አዲስ ቴምብር በተገኘ ቁጥር መሀል ላይ ገጽ መጨመሬም አይቀርም። ክብ ቀለበት ይሻላል፣ ዲ ቀለበት (የD ፊደል ቅርጽ ያለው)፣ በስፕሪንግ የሚይዝ ወይስ በብሎን የሚታሰር? ወረቀቱን ራሱን ልብሳው ወይስ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ላስገባው? ቀለበቱስ ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን?

መልስ፦ ጥርስ ቆጣሪ

መሀል ላይ ገጽ እጨምራለሁ ካሉ ባለ ቀለበት ይውሰዱ። በብሎን የሚታሰረው አንድ ገጽ ለማስገባት ከላይ ያለውን ሁሉ አውጥቶ መልሶ መደርደር ይጠይቃል። ወፍራም ወረቀት ደግሞ ከማሰሪያው ጠርዝ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ በደነዘ ነገር ተሰምሮ መታጠፊያ ካልተበጀለት በብሎን ታስሮ አይገለጥም።

ከቀለበቶቹ ዲ ቀለበት ይምረጡ። ክብ ቀለበት ውስጥ ገጾቹ ቅስቱን ተከትለው ስለሚቀመጡ ጠርዛቸው አይገጥምም፤ ሽፋኑ ሲዘጋም ከታች ያሉት ወደ ጀርባው ተስበው ይቆለመማሉ። በቆለመመ ወረቀት ላይ ያለ ማውንት ከጠርዙ ይላቀቃል። ዲ ቀለበት ቀጥ ያለ ጎን ስላለው ገጾቹ እኩል ይደረደራሉ፣ ስፋቱ አንድ ሆኖ እንኳ ከክቡ የበለጠ ይይዛል። ሲገዙ ብረቱ በጀርባው (በጠባቡ ጎን) ላይ ሳይሆን በኋለኛው ሽፋን ላይ የተመታውን ይፈልጉ፤ ሲከፈት ገጾቹ ዝርግ ብለው ይተኛሉ።

አሁን ወደ ውፍረቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባዶውን ወረቀት ቆጥሮ ነው። የ200 ግራም ወረቀት 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 150 ገጽ ሲባዛ ከ38 ሚሊ ሜትር አይበልጥምና አንድ ባይንደር የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ማውንቱና ቴምብሩ ሲደመሩ፣ ኪስም ከገባ የኪሱ ሁለት ፊት ሲታከል፣ አንዱ ገጽ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ግምቴን ብቻ አይመኑ፦ ያለቀላቸው 10 ገጾች ደርድረው፣ በእጅ ሳይጫኑ፣ ቁመታቸውን በማስመሪያ ለክተው ለ10 ያካፍሉ። በ0.6 ስሌት 150 ገጽ 90 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በ40 ሚሊ ሜትር ዲ ቀለበት 50 ገጽ እያደረጉ ለ3 ባይንደር ይከፋፍሉት። እያንዳንዱ 30 ሚሊ ሜትር ይይዝና ለጭማሪ ቦታ ይተርፋል። ቀለበት ከመጠን በላይ ሲሞላ አፉ መግጠም ያቆማል፤ ገጹ ሲገለጥ ቀዳዳው በዚያ ክፍተት ይያዝና ይቀደዳል።

የቀዳዳ ብዛትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአይሶ 838 (ዓለም አቀፍ የወረቀት ቀዳዳ ደረጃ) ሁለት ቀዳዳዎች በ80 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ የእያንዳንዱ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ መሀላቸው ከወረቀቱ ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር ይገባል። ኤ4 ግን ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሁለት ቀዳዳ ብቻ ሲያዝ ላይና ታቹ ይወዛወዛል። ባለ 4 ቀዳዳው በሁሉም መሀል 80 ሚሊ ሜትር አለው፤ የመሀሎቹ ሁለቱ ከደረጃው ጋር ስለሚገጥሙ ገጹ በባለ 2 ቀለበትም ይገባል። የአሜሪካ ባለ 3 ቀለበት 108 ሚሊ ሜትር ነው የሚራራቀው፤ ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። ስለዚህ አንዱን መርጠው ለሁሉም ባይንደር በዚያው ይጽኑ።

መልስ፦ ግላሲን

ኪሱን በተመለከተ፦ ማውንት ያለበት ገጽ ኪስ ውስጥ ቢገባ ይሻላል፤ ገጽ ሲገለጥ አንዱ ማውንት ሌላውን አይጎትትም። ዕቃው ግን ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ይሁን። ፒቪሲ አይግዙ። ለማለስለሻ የተጨመረበት ኬሚካል ቀስ በቀስ እየወጣ ወደ ቴምብሩና ወደ ህትመቱ ይሄዳል። ኪሱ ሲከፈት ኃይለኛ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ካለው፣ ሲዳሰስም የሚጣበቅ ከሆነ ይተውት።

ጥርጣሬ ካለ የመዳብ ሽቦ በእሳት አግለው፣ አረንጓዴ ነበልባል እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ ከኪሱ ቁራጭ ላይ ነክተው መልሰው እሳቱ ውስጥ ያስገቡ። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበትና ፒቪሲ ነው ማለት ነው። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ደጅ ላይ፣ በትንሽ ቁራጭ ብቻ ይሞክሩ።

ባይንደሩ ራሱ ብዙ ጊዜ በፒቪሲ የተለበጠ ካርቶን መሆኑን አይርሱ። በመጀመሪያና በመጨረሻ አንዳንድ ከአሲድ ነጻ የሆነ ባዶ ካርድ ያስገቡ፤ ሽፋኑንም የብረቱን ምስማር ራስም ከገጾቹ ያርቃል።

ሌላው የሚረሳው የሽፋኑ ወርድ ነው። ኤ4 210 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ኪሱ ከነቀዳዳው ጠርዝ እስከ 230 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በተራ ባይንደር ውስጥ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ጫፉም ይታጠፋል። ሰፊ ሽፋን ያለውን ይጠይቁ፤ አንድ ኪስ ይዘው ሄደው ሱቁ ውስጥ አስገብተው ይዩት።

መልስ፦ ሳይበሳ

ስለ ስፕሪንግ ማንም ስላላነሳ፦ ገጹ ቀዳዳ አልባ ሆኖ እንዲቀር ለሚፈልግ፣ በተለይ ገጾቹን ለኤግዚቢሽን ለሚያወጣ፣ አሁንም ጥሩ ነው። ሽፋኖቹ ወደ ኋላ ሲታጠፉ መንጋጋው ይከፈታል፣ ሲመለሱ ይነክሳል። ማሰሪያው የሚወስደው ባዶ ጠርዝ ስላለ በግራ 25 ሚሊ ሜትር ሳይታተም መቅረት አለበት። ገጾቹ ጥቂት ከሆኑ ግን አይነክስም፤ ክፍተቱን በባዶ ካርድ መሙላት ግድ ነው።

ምላሽ፦ ጥርስ ቆጣሪ

ቀዳዳ አልባነቱ እውነት ነው። ለእኚህ ጠያቂ ግን አይሆንም፦ ስፕሪንግ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ገጽ ይላላል፣ ፕላስቲክ ኪስ ደግሞ አንሸራታች ስለሆነ ከንክሻው ይወጣል። ሳይበሱ መቆየት ከፈለጉ ኪሱ ያንኑ ጥቅም ይሰጣቸዋል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ባለ አልበሙ

እናመሰግናለን። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ በግራ የተውኩት ባዶ ጠርዝ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ቦክስ ፋይልስ መጠቀም አይቻልም?

መልስ፦ ግላሲን

20 ሚሊ ሜትር ለመብሳት ጠባብ ነው። የቀዳዳው ውስጠኛ ጠርዝ 15 ሚሊ ሜትር ላይ ያልቃል፤ በገጹ ላይ ከታተመው ክፈፍ የሚለየው 5 ብቻ ይሆናል፣ ሲገለጥም የግራው ቴምብር ቀለበቱ ሥር ይሸጎጣል። የታተሙትን በኪስ ያስገቡ፤ ቀጣዮቹን በ30 ሚሊ ሜትር ያትሙ።

ቦክስ ፋይል ለጊዜው ካልሆነ አይመከርም። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ቅስቱም ገጹን ያጎብጣል። ከሁሉ የሚያሳስበው መጫኛ ዘንጉ ነው፦ ሙጫቸው ያልተነካ ቴምብሮች ሲጫናቸውና እርጥበት ሲጨመር ከማውንቱ ጋር ይጣበቃሉ። በዚሁ ምክንያት ባይንደሮቹን አያነባብሯቸው፤ አቁመው፣ በመሀላቸው አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትተው ያስቀምጡ። የኪሱን አፍም አያሽጉት።

መልስ፦ ሳይበሳ

ከመግዛትዎ በፊት ቀለበቱን ዘግተው መገጣጠሚያውን በጥፍር ይዳስሱ። ጥፍር ከያዘ ኪሱንም ይይዛል፤ ሌላ ያስወጡ። ቤት ሲደርሱም ሁልጊዜ በሁለቱ ጫፍ ባሉት መክፈቻዎች ይክፈቱት። አንዱን ቀለበት በእጅ መፈልቀቅ ብረቱን ያጣምመዋል፣ ከዚያ ወዲያ አፉ አይገጥምም።

መልስ፦ ጥርስ ቆጣሪ

ሦስቱን ባይንደር በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዓይነት ይግዙ፤ አራተኛም ቢጨምሩ አይቆጩም። አምራቾች ሞዴል ሲቀይሩ የቀለበቱ ቅርጽና የሽፋኑ ቁመት ይለወጣል፤ ከዚያ ገጽ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ያስቸግራል።