ስሞግ ወደቀብኝ፣ ስቲከሬ ሐሙስ ያልፋል፤ ካታሊስት ልግዛ ወይ?

ሲቪክ12፦
ወገኖች ሰላም ናችሁ። የምታውቁ ድረሱልኝ። ዛሬ ስሞግ (የመኪና የጭስ ልቀት ምርመራ) ሄጄ ወደቅሁ። ሲቪክ ኤስ አይ ነው፣ ማንዋል። ሬጅስትሬሽኑ የፊታችን ሐሙስ ያልፋል። ፈታሹ ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጥሪያው ካታሊስት) ይቀየር፣ 1,800 ዶላር አለኝ። ቼክ ኢንጂን እንኳ አልበራም እኮ! መኪናው እንደ ጥይት ነው የሚሄደው። ኢንተርኔት ላይ በ220 ዶላር ካታሊስት አይቻለሁ። እሱን ባስገባ ያልፋል? ነገ ማዘዝ አለብኝ።

የሰባተኛ ልጅ፦
እንደ ጥይት ስለሚሄድማ ነው የወደቀው።

መክት፦
ባትሪውን 10 ደቂቃ ነቅለህ መልሰህ ግጠመው። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይረሳል። ከዚያ ሄደህ አስፈትሽ። በነፃ።

ቁልፍ14፦
ምንም አትዘዝ። መጀመሪያ ይህን መልስልን። የት ስቴት ነህ? የስንት ሞዴል ነው? ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ምን ተቀይሮበታል? የሰጡህ ወረቀት ላይ የወደቀው በዓይን ምርመራው ነው ወይስ በኮምፒውተር ንባቡ? "ወደቅሁ" ብቻውን ለሐኪም "አመመኝ" ብሎ ዝም እንደማለት ነው።

ሲቪክ12፦
ይቅርታ ቸኩዬ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ 2012 ሞዴል። ከአጎቴ ልጅ ነው የገዛሁት። ኮልድ ኤር ኢንቴክ (ከፋብሪካው የተለየ የአየር መግቢያ) አለው፣ የኋላው ማርሚታ ተቀይሯል፣ ኮምፒውተሩም ቱን ተደርጓል (የሞተሩ ፕሮግራም ተቀይሯል፤ በላፕቶፕ የሚጫነው ዓይነት፣ መሣሪያው እኔ ጋ ነው)። ወረቀቱ ላይ ኢንቴኩ "ሞዲፋይድ" ይላል፣ ሶፍትዌሩም እንዲሁ። ካታሊስት፣ ኦክስጅን ሴንሰርና ኢቫፕ (የቤንዚን ትነት መያዣው) ደግሞ "ኢንኮምፕሊት"። ሰኞ ቼክ ኢንጂን በርቶብኝ ባትሪ ነቅዬ አጥፍቼው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አልበራም።

የሰባተኛ ልጅ፦
መክት፣ ምክርህ ከመሰጠቱ በፊት ሥራ ላይ ውሏል። ውጤቱም ይኸው።

መክት፦
10 ደቂቃ ሳይሞላ መልሶት ይሆናል።

ሰናይት ኦሬንጅ ካውንቲ፦
ቆይ፣ ካታሊስቱ መበላሸቱን ማን አረጋገጠ? ኢንኮምፕሊት ማለት "ገና አልተፈተነም" ነው። ተማሪው ፈተና ላይ አልተቀመጠም እንጂ አልወደቀም። መኪናው እየተነዳ ኮምፒውተሩ ራሱ እያንዳንዱን ክፍል ይፈትሻል፣ ውጤቱን ይመዘግባል። ባትሪ ስትነቅል መዝገቡን አብረህ አጠፋኸው። ካሊፎርኒያ ከ2000 ሞዴል ወዲህ ላለ የቤንዚን መኪና ሳይጠናቀቅ የምታሳልፈው ኢቫፕን ብቻ ነው። ያንተ ግን ሦስት ጎደሉ። በ1,800ም በ220ም ካታሊስት ብትቀይር፣ የብልሽት ኮዱን አጥፍተህ በማግስቱ ከሄድክ ያው "ኢንኮምፕሊት" ነው የሚልህ።

የ220 ዶላሩን ደግሞ እርሳው። በሌሎች ስቴቶች የሚሸጥ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን አካሉ ላይ የካርብ (የካሊፎርኒያ የአየር ቦርድ) ኢ.ኦ. ቁጥር፣ ማለትም የፈቃድ ቁጥር የተመታበት፣ ያውም ለመኪናህ "ቴስት ግሩፕ" (የልቀት ምድብ) የተፈቀደ መሆን አለበት። ቴስት ግሩፑን ከኮፈኑ ሥር ከተለጠፈው የልቀት ስቲከር ላይ ታገኘዋለህ። ቁጥሩ ከሌለው ልቀቱ ንጹሕ ቢሆንም በዓይን ምርመራ ይጥሉሃል።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
እኛ ጋ አሌክሳንድሪያ በየሁለት ዓመቱ እንፈተሻለን፣ ስለ ኢንቴክ ስቲከር የጠየቀኝ ሰው የለም። የምን ማስጨነቅ ነው?

ጋሽ ዘይቱ፦
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሎስ አንጀለስ በተራራ የተከበበ ሳህን ነው። ሞቃቱ አየር እንደ ክዳን ከላይ ይቀመጥና ጭሱን እታች ያምቀዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የካልቴኩ ኬሚስት ሃገን ስሚት ያ ዓይን የሚያቃጥል ጉም ከመኪና ጭስና ከፀሐይ ብርሃን እንደሚፈጠር አሳየ። ካርብ የሚባለው የአየር ቦርድ በ1967 ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀመንበር እሱ ነበር። የስሞግ ቼክ ፕሮግራሙ ደግሞ በ1984 ተጀመረ። ስለዚህ የኔ ልጅ ከቨርጂኒያ፣ እዚህ የሚለካው ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ብቻ አይደለም። ሞተሩ በተፈቀደለት አሠራር ላይ መሆኑም ይታያል። ከሐምሌ 2021 ወዲህ ሶፍትዌሩም ይነበባል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የካሊብሬሽን መለያና የማረጋገጫ ቁጥሩ ከፋብሪካው ወይም ከካርብ ፈቃድ ጋር ካልተመሳሰለ መኪናው ወደቀ። ከዚያ በፊት ቱን የተደረገ መኪና ስሞግ ሲያልፍ አይታችሁ ከሆነ ለዚህ ነው። እኔ የምለው፣ ሰው ሞተር ከመነካካቱ በፊት…

የሰባተኛ ልጅ፦
ጋሼ፣ ልጁ ያለው እስከ ሐሙስ ነው።

ጋሽ ዘይቱ፦
ሐሙስም ይመጣል፣ ዕውቀትም ይቀራል።

ቁልፍ14፦
ሲቪክ12፣ ሥራው ቅደም ተከተሉን ከጠበቀ ከባድ አይደለም፤ ካዛባኸው ግን ሁለት ጊዜ ትሠራዋለህ። ኢንቴኩንና ቱኑን በአንድ ቀን ነው የምትመልሰው። አንዱን መልሰህ ሌላውን መተው አይሆንም። የአየር መለኪያው ማፍ ሴንሰር የተቀመጠበት ቱቦ ስፋቱ ከኦሪጅናሉ የተለየ ከሆነ፣ ቱን ያደረገው ሰው ሒሳቡን በዚያ ስፋት ነው የሠራው። ሶፍትዌሩን ብቻ ወደ ፋብሪካው ከመለስክ ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር በስህተት ይቆጥርና ቤንዚኑን አዛብቶ ይሰጣል፤ ከዚያ ፒ0171 (ቤንዚን አነሰ) ወይም ፒ0172 (ቤንዚን በዛ) ይበራብሃል።

መጀመሪያ ግን ኢንቴኩ ላይ የኢ.ኦ. ስቲከር መኖሩን ፈልግ። ቱቦው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ይለጠፋል። ካለ፣ ቁጥሩን በካርብ የመለዋወጫ ዝርዝር ፈልገህ 2012 ሲቪክ ኤስ አይ በስሙ መግባቱን እይ። ለ2011 የተፈቀደ ለ2012 አይሠራም። በብራንድ አትመን፤ ያው ኩባንያ አንዱን ሞዴል አስፈቅዶ ሌላውን "ለውድድር ብቻ" ብሎ ይሸጣል። ስቲከሩ ከሌለ የፋብሪካውን ኤርቦክስ (የአየር ማጣሪያ ሳጥን) ከጃንክ ያርድ ፈልግ። ስትገዛ ሳጥኑን ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ፣ ሁለቱንም ፋሼታዎች፣ ከታች ያለውን የአየር መግቢያ ሳጥንና ከሞተሩ ክዳን የሚመጣውን የመተንፈሻ ቱቦ አብረህ ውሰድ። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህችው ነው። ኢንቴክ ሲገጠም ያ ቱቦ ይቆረጥና ጫፉ ላይ ትንሽ የእንቁላል መጠን ያላት ፊልትሮ ትሰካለች። የሞተሩን ትንፋሽ ወደ ውጭ ስለምትለቅ ኤርቦክሱ ቢመለስም እሷ ካለች ይጥሉሃል።

ማርሚታው ከካታሊስት በኋላ ያለው ብቻ ከሆነ ስሞግ አይከለክለውም፣ አትንካው።

ሲቪክ12፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። ያቺ ትንሽ ፊልትሮ አለች!! ስቲከር ፈለግሁ፣ የለም። የመኪናው ካታሊስት ግን የፋብሪካው ነው፣ የሆንዳ ማህተም አለው። ሐሙስን ምን ላድርገው?

ሰናይት ኦሬንጅ ካውንቲ፦
ለዲኤምቪ (መኪና ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት) የሬጅስትሬሽኑን ክፍያ ዛሬውኑ ክፈል። ስሞጉ እስኪያልፍ አትጠብቅ፤ ቅጣት የሚመጣው ክፍያው ሲዘገይ ነው። ከዚያ የወደቅክበትን ወረቀት ይዘህ ለመኪናው ጊዜያዊ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ጠይቅ። 50 ዶላር ነው፣ 60 ቀን ይሰጥሃል፣ በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ነው። ክፍያው ሳይጠናቀቅ አይሰጡህም። ስለዚህ ሐሙስ አያስቸኩልህ፣ እውነተኛው ቀነ ገደብህ 60 ቀኑ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ከአጎትህ ልጅ ስትገዛ የስሞግ ሰርተፍኬት ሰጥቶሃል? በካሊፎርኒያ መኪና ሲሸጥ፣ ከ4 ሞዴል ዓመት በላይ ከሆነ፣ ሰርተፍኬት የማቅረብ ግዴታ የሻጩ ነው። ሰርተፍኬቱም ከ90 ቀን አይበልጥም።

ሲቪክ12፦
የቤተሰብ ዝውውር ብለን ነው የሞላነው፣ ስሞግ አልጠየቁንም።

የሰባተኛ ልጅ፦
እኛ ጋ የአጎት ልጅ ወንድም ነው። ዲኤምቪ ግን አገርህን አያውቅም።

ሰናይት ኦሬንጅ ካውንቲ፦
እውነቱን ነው፣ ነፃ የሚወጡት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት፣ አያትና የልጅ ልጅ ናቸው። የአጎት ልጅ የለበትም። ያለፈው አልፏል፣ ቢያንስ የኤርቦክሱን ዋጋ እሱ ይክፈል። ኦሪጅናሉን ጋራዡ ውስጥ አስቀምጦት ከሆነ ደግሞ ጠይቀው፤ ሰው ኢንቴክ ሲያስገባ አሮጌውን አይጥልም።

ቶሎ ቶሎ፦
ለምን ትደክማለህ? የሌላ መኪና ሰክተው በ200 የሚያሳልፉ አሉ። በውስጥ ጻፍልኝ።

ቁልፍ14፦
ቶሎ ቶሎ፣ እዚህ አትለጥፈው። ማሽኑ የመኪናውን መለያ ቁጥር ከራሱ ከኮምፒውተሩ ያነባል፣ ንባቡም በቀጥታ ወደ ስቴቱ ይሄዳል። ያ ጋራዥ ፈቃዱን ያጣል፣ ጉዳዩም ወንጀል ነው። ሲቪክ12፣ አንተ 200 ዶላሩን ኤርቦክሱ ላይ አውለው።

ወደ ሥራው። ኤርቦክሱን ገጥመህ ስትጨርስ ባትሪው ላይ ቻርጀር ሰካ፤ ፕሮግራም ስትጭን ኃይል ከወረደ ኮምፒውተሩን ልታበላሸው ትችላለህ። በቱን መሣሪያህ የፋብሪካውን ካሊብሬሽን መልስ። "ስቶክ መሰል" የሚል ፋይል አትጫን፣ እሱም ቱን ነው፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ አይገጥምም። መሣሪያው "ወደ ኦሪጅናል መልስ" ወይም "አንኢንስቶል" የሚል አማራጭ ይኖረዋል፣ ያንን ነው የምትጫነው። እምቢ ካለህ የሆንዳ ዲለር ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ይጭንልሃል።

ከዚያ 30 ዶላር የማይሞላ የኦቢዲ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ) ግዛና ያለውን ኮድ ንገረን። በተለይ "ፐርማነንት" (ቋሚ ኮድ) የሚለውን ገጽ እይ። ሰኞ የበራው ምን እንደነበር እዚያ ይገኛል፣ እሱን ባትሪ መንቀል አያጠፋውም።

መክት፦
ከ10 ደቂቃ በላይ ከነቀልከው ይጠፋል።

ቁልፍ14፦
አይጠፋም መክት። ሳምንት ነቅለህ ብታስቀምጠውም አይጠፋም። የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ሲቪክ12፦
የአጎቴ ልጅ ኤርቦክሱን በካርቶን አስቀምጦታል! ቅዳሜ ገጠምኩት፣ ቱኑንም መለስኩ። ስካነሩ ፐርማነንት ላይ ፒ0171 ይላል። ፒ0420 (የካታሊስቱ ኮድ) የሚባል የለም። ሌላ ገጽ ላይ ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም (ኮምፒውተሩ ቤንዚን የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው በመቶኛ) ቆሞ ሲሠራ +17፣ በ2,500 ዙር ላይ +3።

ቁልፍ14፦
ስለዚህ ካታሊስቱን ማንም ኮድ አልከሰሰውም። 1,800ህ ኪስህ ይቆይ።

ትሪሙ ቆሞ ሲሠራ ከፍ ብሎ ዙር ስትጨምር ከወረደ፣ ከማፍ ሴንሰሩ በኋላ የሆነ ቦታ አየር እየሾለከ ይገባል። ሞተሩ ቀስ ሲል የሚሾልከው ከጠቅላላው አየር ትልቁ ድርሻ ነው፣ ሲፈጥን ግን ድርሻው ያንሳል። ስፋቱ የማይገጥም ቱቦ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ዙር ላይ ተቀራራቢ ስህተት ይሰጥ ነበር። ፋሼታዎቹን አጥብቅ፣ የጎማ ቱቦውን እጥፋት ዘርግተህ ስንጥቅ ፈልግ፣ የመተንፈሻ ቱቦው እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋግጥ። ትሪሙ ወደ 0 ከቀረበ፣ በሁለቱም በኩል እስከ 5 ድረስ፣ ጨርሰሃል።

አሁን መንዳት ነው። ማታ መኪናው ቢያንስ 8 ሰዓት ይቁም። ቤንዚኑ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ መካከል ይሁን፤ ሙሉ ታንክና ባዶ ታንክ ኢቫፕን አያስጀምረውም፣ መሃል ላይም አትቅዳ። ጠዋት ቀዝቃዛውን አስነስተህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ ይሥራ። ከዚያ ሜዳ ፍሪዌይ ላይ በ55 ማይል ክሩዝ አድርገህ 15 ደቂቃ ያህል አንድ ዓይነት ፍጥነት ጠብቅ። ቀጥሎ በዚያው ማርሽ እግርህን ከቤንዚኑ አንሣ፣ ፍሬን ሳትነካ እስከ 30 ድረስ በራሱ ይውረድ፤ ከኋላህ መኪና አለመኖሩን እያየህ። ይህን አራት አምስት ጊዜ ድገመው። ፎሌ አታድርገው፣ ቤንዚኑ የሚቋረጠው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ነው። 405 ፍሪዌይ ላይ በትራፊክ ሰዓት ይህ አይሞከርም፣ እሁድ 11 ሰዓት ላይ ውጣ።

የሰባተኛ ልጅ፦
በኛ 11 ወይስ በነሱ? በነሱ ከሆነ ቅዳሴ ሊወጣ ነው።

ቁልፍ14፦
በኛ፣ ንጋት 11።

ሰናይት ኦሬንጅ ካውንቲ፦
ስለ ፐርማነንቱ ልጨምር። ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለ2010 እና ከዚያ በኋላ ላሉ ሞዴሎች ይቆጠራል። ሁለት መውጫ አለው። አንደኛው ችግሩ ተስተካክሎ ኮምፒውተሩ ራሱ ደጋግሞ ፈትሾ ሲያጠፋው ነው። ሁለተኛው፣ ኮዱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 200 ማይል ተነድቶ 15 ጊዜ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ ከሞቀ፣ ፐርማነንቱ ቢኖርም በእሱ አይጥሉህም። 200 ማይሉን በአንድ ቀን ላስቬጋስ ደርሰህ ብትሞላው 15ቱ መሞቅ ይጎድልሃል።

ስትመለስ ደግሞ መጀመሪያ "ፕሪቴስት" በል፣ ውጤቱ ወደ ዲኤምቪ አይላክም። የዲኤምቪ ደብዳቤህ "ስታር" ጣቢያ የሚል ከሆነ ሌላ ጋ አትሂድ፣ አይቆጠርልህም።

ፕሪየስ ባለቤት፦
ስለ ጥገና እርዳታስ? ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ስቴቱ ይከፍላል ይባላል።

ቁልፍ14፦
አለ፣ ግን ከመጠገን በፊት ነው የሚያመለክቱት፣ ደረሰኝ ይዘህ በኋላ ብትሄድ አይመልሱልህም። መኪናው የወደቀው በመነካካት ምክንያት ከሆነም አይሰጡም፣ ስለዚህ ለሲቪክ12 አይሆንም። ለአንተ፣ ካታሊስትህ ተሰርቆ ከሆነ፣ ቅድም ሰናይት ያለችው የቴስት ግሩፕ ጉዳይ ፕሪየስንም ይመለከታል።

ሲቪክ12፦
አንደኛው ፋሼታ ላልቶ ነበር። ትሪሙ አሁን +4። እሁድ ነዳሁት፣ ኦክስጅን ሴንሰርና ካታሊስት ተጠናቀቁ፣ ኢቫፕ ቀርቷል። 61 ማይል፣ 4 መሞቅ። ፐርማነንቱ አለ።

ቁልፍ14፦
ኢቫፕ ቢቀርም ያልፋል። አሁን የቀረህ ማይሉና መሞቁ ብቻ ነው። ባትሪ እንዳትነካ።

መክት፦
ኢንቴኩን የምትሸጠው ከሆነ አሳውቀኝ፣ እኔም ሲቪክ ነው ያለኝ።

የሰባተኛ ልጅ፦
ስቲከር የለውም ሲባል የት ነበርክ?

መክት፦
ባትሪ እየነቀልኩ።