ከአባይ በረሃ የመጣ ኮራል ያለበት ድንጋይ፦ ሳልሰብረው እንዴት ላንብበው?

ጥያቄ (የባዮሎጂ መምህርት፣ አራት ኪሎ)
ወንድሜ ከደጀን ሲመለስ አባይ በረሃ ላይ፣ መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘውን የኖራ ድንጋይ አመጣልኝ። ዳቦ ያክላል። በአንድ ፊቱ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ከዋክብት ተደርድረዋል፤ በጀርባው ጣት የማያስገቡ ቀዳዳዎች አሉ። ለተማሪዎቼ «ይህ ኮራል ነው፤ ትናንሽ የባሕር እንስሳት የሠሩት የድንጋይ ቤት» ብዬ ማለፍ አልፈልግም፤ ማን ከማን ጋር ይኖር እንደነበር ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ (ድንጋይ ጠራቢ፣ ፒያሳ)
እህቴ፣ የሽቦ ብሩሽ እንዳያስነኩት! በጥርስ ብሩሽና በውሃ ይጠቡትና እርጥብ ሳለ ይመልከቱት። ደረቅ ድንጋይ ገመናውን አያወጣም። የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በውሃ እያራሱ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቢያሹት ውስጡ ጥርት ብሎ ይታያል። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ማውጣቱ ኖራ መሆኑን ይነግራል፤ ግን ከዋክብቱን ስለሚበላ ጥግ ላይ ብቻ ይሞክሩት።

መልስ (ጂኦሎጂ ያጠናሁ)
የአባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የአገራችንን ሰፊ ክፍል ያለበሰው ባሕር የተወው ነው። እያንዳንዱ ኮከብ የአንዲት እንስሳ ቤት ነበር። ቀዳዳዎቹ አፋቸው ጠቦ ውስጣቸው እንደ ጠርሙስ ከሰፋ፣ ድንጋይ የሚቦረቡሩ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች መኖሪያ ናቸው። ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ነጭ ክሪስታል የሆነ ቀዳዳ ካገኙ ደግሞ የግንበኛ ውሃ ልክ አገኙ ማለት ነው፦ ጭቃው የዘቀጠበት ታች፣ ክሪስታሉ ኋላ ያደገበት ላይ ነበር።

መልስ (ሌላ አባል)
በአንድ ድንጋይ ውስጥ መገኘት አብሮ መኖር አይደለም። ማዕበል ከየቦታው ጠርጎ ይከምራል። ኮራሉ ላይ ተጣብቆ ያደገ ወይም ኮራሉን የቦረቦረ ይመሰክራል፤ አጠገቡ የወደቀ የዛጎል ስባሪ ግን አይመሰክርም።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሸሁት፤ ሁለት ቀዳዳዎች ግማሽ በግማሽ ናቸው። ግን ግራ ገባኝ፤ ጭቃው የተኛው በከዋክብቱ በኩል ነው!

መልስ (ጂኦሎጂ ያጠናሁ)
እንዴት ያለ ድንጋይ ነው ያገኙት! ኮራል ከዋክብቱን ወደ ብርሃን አድርጎ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ጭቃው ሲገባ ድንጋዩ ተገልብጦ ነበር፤ የገለበጠውም ማዕበል ሳይሆን አይቀርም። ዛጎሎቹም የቦረቦሩት ወደ ላይ የዞረውን መቀመጫውን ሳይሆን አይቀርም። ኮራሉና ዛጎሎቹ አንድ ባሕር ውስጥ ቢሆኑም፣ እነርሱ የገቡት እርሱ ከተገለበጠ በኋላ ይመስላል። ለተማሪዎችዎ ድንጋዩን ገልብጠው ያሳዩዋቸው።