ፊደሉን ይወርዱታል፣ ቃል ማንበብ ግን አቃታቸው

1ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ልምድ ያላችሁ መምህራን፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ልጆቹ የፊደል ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» እንደ ውሃ ጠጥተውታል። አንዷን ከመሀል ነጥዬ ስጠይቅ ግን ጸጥ ይላሉ። ትናንት ሰሌዳ ላይ «ቤት» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ጎበዝ ልጅ ጣቱን አስጠግቶ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ» አለ። ቀጠለና «ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት»። «ት» ላይ ሲደርስ «ቤ» ጠፍታበታለች። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አንጀቴን በላው።

ከሁሉ የሚያስቸግራቸው ሳድሱ፣ ማለትም እንደ «ት» ያለው ስድስተኛው ፊደል ነው። ካዕብ (ሁለተኛው፣ እንደ «ቡ») አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጎኑ ቅጥያ ይለያል። «ል»፣ «ም»፣ «ር»፣ «ት» ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልክ አላቸው። ሳድስ የሌለበት ቃል ደግሞ ስንት ይገኛል?

አቡጊዳንም አስቤ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እያለ ተራውን የሚያፋልሰው ልጁ ፊደሉን በዓይኑ እንዲለይ ይመስለኛል። ግን እሱንም እንዳይሸመድዱት እፈራለሁ።

ገበታውን ለጊዜው ላቁመው? «ለ፣ መ፣ በ፣ ተ»ን ብቻ ይዤ ወዲያው «ላም»፣ «በላ»፣ «ቤት» ውስጥ ልግባ? እንዲህ ያደረጋችሁ ከየትኞቹ ፊደላት ጀመራችሁ? ሳድሱንስ መቼ አስገባችሁ? ክፍሉ ጢም ያለ ነው፤ በእጄ ያለው ጠመኔና ካርቶን ብቻ ነው።

ወላጆችም በር ላይ «ፊደል ጨረሱ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ገበታውን ካቆምኩት ምን ብዬ ላስረዳቸው?